ቆራጢት ስትጠራ

ኡ ባ ቶ በኢራዋዲ ወንዝ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው ሸብተዋል። ያፈሩት ሀብት ቢኖር አንዲት ዶልፊን ናት። የጀርባ ክንፏ ጫፉ ጎደሎ ስለሆነ ቆራጢት ይሏታል። ሚስታቸው ዶ ኒ፣ «እኔን በስሜ መጥራት ከተዉ ስንት ዘመናቸው! እሷን ግን ገና ጎህ ሳይቀድ ነው» እያለች ለጎረቤት ታማቸዋለች።

አጠራሩን ከአባታቸው ነው የተማሩት። የጀልባዋን ጠርዝ በአጭር ዱላ ኳ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ቆራጢት ስትሰማ ዓሣውን ከፊቷ እየነዳች ትመጣለች፤ እሳቸው የእጅ መረባቸውን ይወረውራሉ፤ ያመለጠውን እሷ ትለቅማለች። ዘንድሮ ግልገሏንም አስከትላ መምጣት ጀምራ ነበር።

የልጃቸው ባል ዜያ ግን የዘመኑ ሰው ነው። ስስ የናይለን መረብ ወንዙ ውስጥ ገትሮ ሻይ ቤት ይቀመጣል።

«አባባ፣ ዛሬስ እመቤቲቱ ፈቀዱልዎ?» ይላቸዋል።

«ዝም በል አንተ! ተኝቶ አጥማጅ።»

«ተኝቼም ከእርስዎ እበልጣለሁ።»

ይሳሳቃሉ። ቆራጢት በምትመላለስበት ጥልቅ ውሃ ላይ ግን መረቡን እንዳይዘረጋ አስምለውታል። ዶልፊን ለመተንፈስ ብቅ ማለት አለባት፤ መረብ ከያዛት ታፍና ትሞታለች።

በበጋው ውሃው በጣም ጎደለ። አንድ ጠዋት ኡ ባ ቶ እንደ ልማዳቸው አንኳኩ። ቆራጢት ከነግልገሏ ከላይ በኩል ብቅ አለች። በእሷና በጀልባዋ መካከል የላስቲክ ጠርሙሶች ተደርድረው ሲንሳፈፉ ያዩት ያኔ ነው። የዜያ መረብ ማንሳፈፊያዎች ነበሩ።

ማንኳኳታቸውን አቆሙ። እሷ ግን አላቆመችም። «ሂጂ» የሚባልበት ምት ደግሞ የለም፤ አባታቸው ያስተማሯቸው «ነይ» ማለትን ብቻ ነው። ጮሁ። ውሃውን በመቅዘፊያ ደበደቡት። ፍጠኚ ያሏት መስሏት ይሆናል፣ ጭራሽ ባሰባት።

ቢላቸውን ይዘው ሲደርሱ ጠርሙሶቹ ወደ ውስጥ ተስበዋል። ቆረጡ፣ ጎተቱ። ራሷን ከውሃው በላይ ሲያወጡት አልተነፈሰችም።

ዜያ ጩኸቱን ሰምቶ በጀልባው ደረሰ። ሲያያት ክው አለ።

«አባባ፣ በእናቴ… ዳር ዳሩ ደርቆብኝ ነው። ለዛሬ ብቻ ብዬ ነው። ደግሞ አይቻለሁ፣ እሷና ግልገሏ እዚያ ላይ ርቀው ነበር። ምን አመጣት?»

«እኔ ነኝ የጠራኋት።»

ዜያ እንባው መጣ። «መረቡን አቃጥለዋለሁ» አለ።

«አቃጥለው። እሷ መረብህን መች ታውቀዋለች? የምታውቀው እኔን ነው።»

ግልገሉ ከጀልባዋ አልርቅ አለ። ኡ ባ ቶ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ሲወጣላቸው ወደ ቤት ሊቀዝፉ መቅዘፊያውን አነሱ። ጠርዙን ነካ አደረገና ኳ አለ። ግልገሉ ወዲያው ተጠጋቸው።

ከዚያ እስከ መንደሩ ድረስ ወንዙ መረብ በመረብ ነው። ኡ ባ ቶ ሽርጣቸውን ፈቱ፤ መቅዘፊያው ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር በሚነካካበት ላይ ጥብቅ አድርገው ጠቀለሉት። ከዚያ በቁምጣቸው ተቀምጠው፣ ድምፅ እንዳያሰሙ ቀስ እያሉ ቀዘፉ።