የማዮዋ አዋላጅና የታሸገው ክሊኒክ

መዲና የወሎ ልጅ ናት። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ረዳት አዋላጅ ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት ወታደር ባሏ የት እንደገባ ጠፋባት። ቤቷ ሲፈተሽ፣ ጎረቤቱም በጎሪጥ ሲያያት ከርሞ በመጨረሻ በመተማ በኩል ወጥታ ሱዳን ገባች። ካርቱም እንደደረሰች እንደ ብዙዎቹ ያገሯ ሴቶች አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ተቀጠረች። ቀኑን ሙሉ እብነ በረድ ስትወለውል ትውላለች። ሥራው ያን ያህል አልከበዳትም። የፈራችው እጇ የማዋለዱን ሥራ እንዳይረሳ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ማዮ ውስጥ ክሊኒክ ሊከፈት ነው ሲባል ሰማች። ማዮ ከጦርነትና ከድርቅ የሸሸ ሕዝብ የሰፈረበት፣ መንገዱ አቧራ፣ ቤቱ ጭቃ የሆነ የከተማው ደቡብ ዳርቻ ነው። ክሊኒኩን የከፈተው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን የሰፈሩ ሰው በዐረብኛ “ሙነዘማው”፣ ድርጅቱ፣ ይለዋል። የድርጅቱ ኃላፊ ኡስታዝ ሳዲቅ የሚባል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ልጅ በስሙ የሚጠራ ሰው ነበር። መዲናን አንድ ቀን ብቻ ሲያዋልዱ ቁሚ ብሎ አስፈተናትና ወዲያው ቀጠራት። ከዚያ ወዲያ በማዮ “ዳያ መዲና” ሆነች፤ አዋላጇ መዲና ማለት ነው።

ጥሩ ዓመታት ነበሩ። የጽዳቱን ሥራ ከያዘችው ከኑባዋ አሮጊት ከሉጥፊያ ጋር እንደ እናትና ልጅ ሆኑ። ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ መጣ፤ የማዋለጃ ዕቃ መጣ፤ አንድ ጊዜም በጎ አድራጊዎች የሰጧት ነጭ አምቡላንስ መጣችና በግ ታርዶ ተበላ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አምቡላንሷ ከግቢው ጠፋች።

“ጋራዥ ናት፣ መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው፣ ኢንሻአላህ በቅርቡ ትመጣለች” አለ ሳዲቅ።

መዲና በየጊዜው ጠየቀች፤ መልሱ ያው ነበር። በዚያው ክረምት የሉጥፊያ ምራት ሙኒያ ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። መዲና የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ክሊኒኩ ደም መስጠት ስለማይችል ሙኒያን በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጉዞ ጀመሩ። ጋሪው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሙኒያ እዚያው፣ ጭንቅላቷ የመዲና ጭን ላይ እንዳለ ሞተች። ሳዲቅ ለቅሶ መጥቶ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ሉጥፊያም እጁን ይዛ አጽናናችው።

ኒውዮርክ በተመታች ማግሥት ዓለም ሁሉ የሽብር ገንዘብ የት እንደሚያልፍ መፈለግ ጀመረ። ካርቱምም ጭንቅ ውስጥ ገባች። በዚያ ሰሞን ሳዲቅ “ዑምራ ደርሼ ልምጣ” ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን በቀትር ሰላት ሰዓት የጸጥታ ሰዎች በሁለት ፒክአፕ ወደ ክሊኒኩ መጡ።

መዲና አልጋ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ነበረቻት።

“ያላ፣ ሁሉም ሰው ይውጣ! ቤቱ ይታሸጋል” አለ መኮንኑ።

“ጀናቦ፣ ጌታዬ፣ ይህች ሴት መውጣት አትችልም። ሕፃኑ እየመጣ ነው።”

“ትእዛዝ ነው።”

“እንግዲያውስ ለሕፃኑም እዘዙት።”

መኮንኑ የሴቲቱን ጩኸት ሲሰማ ፊቱን አዞረና ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ወታደሮቹም ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ሕፃኑ በደኅና ተወለደ። መዲና እናትየዋን ደግፋ፣ ሉጥፊያ ሕፃኑን አቅፋ ሲወጡ መኮንኑ “መብሩክ” አለ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ማለቱ ነው። ከዚያ በሩ ላይ ሰንሰለት አሰረ። ማቀዝቀዣው ከነክትባቱ፣ የማዋለጃው ዕቃ ከነሣጥኑ እዚያው ውስጥ ቀረ።

መዲና ያንን ዕቃ ለማስወጣት ያልደረሰችበት ቢሮ የለም። በጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት “ያሸግነው እኛ አይደለንም፤ ባንክ ሂጂ” አላት። ባንኩ “እኛ ሒሳቡን ነው ያገድነው፤ መቀስ ምን ያደርግልናል?” አላት። ጸጥታው ጋ ስትሄድ በር ላይ ያለው ዘብ መታወቂያዋን ያዘና የስደተኛ ወረቀቷን ሲያገላብጥ አስውሎ መለሳት። አንዲት ጸሐፊ ብቻ አዘነችላትና “እህቴ፣ ትእዛዙ የመጣው ከውጭ ነው” አለቻት።

“ከውጭ የመጣውን ትእዛዝ ማን ነው የሚያነሳው?”

“እሱም ከውጭ ነው የሚመጣው።”

በዚህ መሐል ማዮ ውስጥ ሴቶች በምላጭና በክር ይወልዱ ጀመር። መዲና የምትጠቀምበት ጓንት አልቆ እጇን በክሎሪን እየለበለበች ታዋልድ ነበር። ክትባቱ መብራት በሌለበት ቤት በዚያ ሙቀት ምን እንደሆነ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

አንድ ቀን ራሷ ተጠራች። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሱዳናዊ መርማሪ፣ ሌላው ስሙን ያልተናገረ የውጭ አገር ሰው። ስለ ሳዲቅ ጠየቋት፤ የምታውቀውን ነገረቻቸው። ከዚያ መርማሪው ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከሩቅ የተነሣ፣ በረሃ ውስጥ የቆመ ነጭ መኪና ነበር።

“ታውቂያታለሽ?”

መዲና ወዲያው አወቀቻት። በግ የታረደላት አምቡላንስ ናት። ጎኗ ላይ ያለው ቀይ ጨረቃ በጭቃ ተለስኗል፤ ዙሪያዋን የታጠቁ ወንዶች ቆመዋል።

“ይህ የት ነው?”

“ድንበር ላይ። ሰውና መሣሪያ ስታመላልስ ነው የተገኘችው። ከክሊኒኩ ከወጣች ቆይቷል።”

መዲና ከዚያ ወዲያ የተጠየቀችውን ሁሉ አልሰማችም። ሙኒያ ጭኗ ላይ ስትቀዘቅዝ፣ ሳዲቅ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ መሐረቡን ሲያርስ ነበር የሚታያት። “ጻፉልኝ” አለቻቸው፤ “መቼ እንደ ጠፋች፣ ስንት ጊዜ እንደ ዋሸኝ፣ ማን እንደ ሞተችብን፣ ሁሉንም ጻፉልኝ። ካስፈለገም ፊት ለፊት ቆሜ እመሰክርበታለሁ።” የውጭው ሰው አመሰገናት። ዕቃዋን እንዲያስወጡላት ስትጠይቅ “ይታያል” አላት።

ለሉጥፊያ መንገር ነበረባት። ሁሉንም ነገረቻት።

“እኔ እኮ አጽናንቼዋለሁ” አለች አሮጊቷ፤ “በገዛ እጄ።”

“ኻልቲ፣ አክስቴ፣ በምን አውቀሽ?”

“ይያዝ ይሆን?”

“እየፈለጉት ነው ብለውኛል።”

“ክሊኒኩንማ ሳይፈልጉ አገኙት” አለች ሉጥፊያ።

መዲና ክሊኒኩ ከመታሸጉ በፊት ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ አመልክታ ነበር። ጉዳዩን የሚከታተልላት ፍሬው የሚባል፣ በፊት አዲስ አበባ መምህር የነበረ፣ አሁን በስደተኞች ቢሮ አስተርጓሚ የሆነ ያገሯ ሰው ነው። ፍሬው ወሬውን ይዞ ቤቷ ድረስ መጣ። ለመቀመጥ እንኳ አልደፈረም።

“መዲና፣ እንዳትደነግጪ። ጉዳይሽ ቆሟል።”

“ለምን?”

“ከታገደ ድርጅት ደመወዝ በልተሻል ነው የሚሉት። ሽብርን ከሚደግፍ ድርጅት።”

“እኔ ነኝ እኮ የነገርኳቸው! መኪናዋን ያወቅሁላቸው እኔ ነኝ!”

“አውቃለሁ። የነገርሻቸው ሌላ ቢሮ ናቸው፤ አንቺን የሚመረምረው ደግሞ ሌላ ቢሮ ነው። አይነጋገሩም።”

“ታዲያ አንተ አነጋግራቸዋ!”

“ሞከርኩ። ምስጢር ነው አሉኝ። ቃልሽን ሰጥተሽ እንደሆነ ማረጋገጥም አይችሉም፣ መካድም አይችሉም።”

መዲና ሳቀች፤ ሳቁ ግን መልሶ ወደ ልቅሶ ሄደባት። በማግሥቱ ወደ አል-ጣኢፍ ተመልሳ እንደገና ወልዋይ ሆነች። ዓርብ ዓርብ ግን ማዮ እየሄደች ታዋልዳለች።

ከታሸገ በሁለተኛው ክረምት ዝናቡ በረታና የክሊኒኩ የኋላ ግድግዳ ተደረመሰ። ሰንሰለቱ ግን በሩ ላይ እንዳለ ነው። ዜናው ሲደርሳት መዲና ሥራዋን ጥላ በአውቶቡስ ከነፈች። ሉጥፊያና የሰፈሩ ሴቶች በፍርስራሹ አጠገብ ቆመው፣ ለመግባት ፈርተው ይጠብቋት ነበር። መዲና ጭቃውን ረግጣ ገባች። ማቀዝቀዣውን ስትከፍተው የወጣው ሽታ ወደ ኋላ ገፋት። የማዋለጃው ሣጥን ግን ከጠረጴዛ ሥር ደኅና ነበር። ተሸክማው ወጣች፤ ሴቶቹም እልል አሉ።

እልልታውን የሰማ ፖሊስም መጣ። የታሸገ ንብረት ደፍራለች ተብላ ከነሣጥኗ ወደ ጣቢያ ተወሰደች።

“የሽብር ጉዳይ ላይ ያለ ማስረጃ ነው የወሰድሽው” አለ የጣቢያው አዛዥ፣ አንድ ሻለቃ።

“ይኸው ማስረጃው” አለችና ሣጥኑን ከፈተችለት፤ “እትብት መቁረጫ ነው።”

ሻለቃው ስልክ ደወለ። የደወለለት ሰው ወደ ሌላ ቦታ እንዲደውል ነገረው። እንደገና ደወለ። ጉዳዩን የያዘው ሰው ተዛውሯል ተባለ፤ ቀጥሎ የደወለለት ደግሞ “እኛን አይመለከትም” አለው። ሻለቃው እየተናደደ፣ እያላበው፣ ግማሽ ቀን ስልኩ ላይ ዋለ። መዲናም አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስታየው ዋለች። ክሱን የሚቀበል ቢሮ ጠፋ።

“ከፊቴ ጥፊልኝ” አላት በመጨረሻ። ሣጥኑን አልቀማትም።

ዓመታት አለፉ። በክሊኒኩ ቦታ ላይ ሌላ ድርጅት አዲስ ክሊኒክ ሠራ፤ መዲና ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ የቀድሞው ድርጅት ሠራተኞች እንዳይቀጠሩ ተብሏል አሏት። ሳዲቅ ተያዘ ሲባል ሰማች፤ ቆይቶ የለም፣ ስሙ የተመሳሰለ ሌላ ሰው ነው ተባለ። ፍሬው ራሱ ካናዳ ሄደ። የእሷ ጉዳይ በቆመበት ቆመ።

በመጨረሻ ከአገሯ የያዘችው የምስክር ወረቀት በካርቱም እንደማይሠራ ስታውቅ፣ አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ኦምዱርማን ውስጥ የአዋላጅነት ኮርስ ልትመዘገብ ሄደች። አውቶቡሱ ድልድዩን ሲያቋርጥ ቆማ ነበር፤ ወንበር አላገኘችም። መዝጋቢዋ ወጣት ሴት ቀና ብላ አየቻት።

“ከዚህ በፊት ሠርተሻል?”

“ሠርቻለሁ፤ ማዮ።”

“ማዮ የት? የቱ ድርጅት?”

የድርጅቱ ስም አፏ ላይ ሲመጣ መዲና ዋጠችው።

“ቤት ለቤት” አለች።