አስተርጓሚዋና የጋሼ ኮድ

ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «አስተርጓሚዋ» ነው የሚላት። እናቷም ለጎረቤት «ልጄ አስተርጓሚ ናት» ይላሉ፤ የምን ቋንቋ ተብለው ሲጠየቁ ግን ወሬ ይቀይራሉ። ምን ይበሉ! ልጅቷ የምታስተረጉመው በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ነው።

አንደኛው የእግሩን ልክ አስልቶ መቅረጫ ማሽኑን የሚያዘው፣ ላይብረሪ የሚሉት የኮድ ስብስብ ነው። ጋሼ የሚባሉት ጡረተኛ መሐንዲስ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉት። ሌላው ባለሙያዎቹ ስክሪን ላይ የሚነካኩት አዲሱ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ሲ ሻርፕ በሚባል ሌላ ቋንቋ ነው የተጻፈው። እሷ መሃል ገብታ የአንዱን ቃል ለሌላው ታደርሳለች፦ ቁጥሩ ሜሞሪ ውስጥ ስንት ባይት ቦታ እንደሚይዝ፣ ጽሑፉ የት ጋ እንደሚያልቅ፣ ማን ከፍቶ ማን እንደሚዘጋ። ሌሎቹ ፕሮግራመሮች ይህን ሥራ ገና ሲሰሙት ነው የሚሸሹት። እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት፤ ቀላል ሰው እንዳትመስላችሁ።

ታዲያ ችግር መጣ። አዲሱ ፕሮግራም በአጭር ሙከራ ጊዜ ምንም አይልም፤ ሙሉ እግር ሲቀረጽ ግን መሃል ላይ ድርግም ይላል። የአንድ ፖስተኛ እግር ሦስት ጊዜ ተጀምሮ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። ሥራ አስኪያጁ ትዕግሥቱ አለቀና «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ የሽማግሌውን ላይብረሪ አውጥተን እንጥላለን» አለ። አፉ ላይ እንዴት ቀለለው! የት ቢጫን እንደሚያቆስል፣ የት ላላ ቢል እንደሚመች፣ ጋሼ ስንቱን በሽተኛ እየጠየቁ የሰበሰቡት እውቀት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሰኞ ዕለት ጋሼ ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ፕሮግራሙ የሚወድቀው የእርስዎ ኮድ ውስጥ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወድቆ አያውቅም!»

«አሁን ወደቀ» አለቻቸው።

ምን ዓይነት አፍ ነው በሉ! እርግጥ የስህተት መልእክቱ የሚያሳየው የጋሼን ኮድ ነበር። ቢሆንም እንዲህ አይባልም፤ በተለይ ለጋሼ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ታያት። ፕሮግራሙ የሚወድቅበት የቅርጹ ደረጃ በየጊዜው ይለያያል። ደግሞ ባለሙያዎቹ የበሽተኞቹን ፎቶ ብዙ ሲከፍቱበት ፈጥኖ ይወድቃል። «ወይኔ ጉዴ!» አለችና ጭንቅላቷን ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲ ሻርፕ የራሱ ጠራጊ አለው፤ ማንም ያልያዘውን ነገር ከሜሞሪ እያነሳ ይጥላል። እሷ ደግሞ ለላይብረሪው አንድ ፋንክሽን፣ ሲጠሩት የሚሠራ ትንሽ የኮድ ቁራጭ፣ ሰጥታው ነበር፤ «መቅረጫው አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር በዚህ ጥራኝ» ብላ። ላይብረሪው አድራሻውን ይዞ ሥራውን ቀጠለ። ጠራጊው ግን ወደ ሲ ሰፈር አያይም። ፋንክሽኑን የሚይዘው ያለ ስላልመሰለው አንስቶ ጣለው። ላይብረሪው ምስኪን በተሰጠው አድራሻ ቢጣራ ማን ይውጣለት? እዚያው እየተጣራ ይወድቃል፤ ጥፋቱም የሱ ይመስላል። በአጭሩ ሙከራ ጠራጊው ገና አልመጣም፤ ፎቶ ሲበዛ ደግሞ ሜሞሪው እየሞላ ቶሎ ይጠራዋል። ሥራው እስኪያልቅ ፋንክሽኑን ይዛ መቆየት ያለባት እሷ ነበረች። አንዲት መስመር ጻፈችና ያዘችው።

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሠራ። ፎቶውን ሁሉ ከፈቱበት፤ ንቅንቅ አላለም። የፖስተኛው እግር ልክ ሆኖ ወጣ፣ ባለሙያዎቹ አጨበጨቡ፣ እሷም ኮራች፤ ለምን አትኮራ!

«ጎበዝ! እና የሽማግሌው ኮድ ምን ሆኖ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መልስ ሳትሰጠው ጋሼ በር ላይ ቆመው አየቻቸው። ብብታቸው ሥር አንድ ክምር ወረቀት ይዘዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ከሰኞ ጀምሮ ኮዳቸውን አትመው መስመር በመስመር ሲያነቡት ነበር።

«ልጄ፣ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጥፋቱን አላገኘሁትም። ጭንቅላቴ ደክሟል መሰለኝ።»

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የእርስዎ ኮድ ምንም የለበትም።»

«እስቲ ድገሚው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው!» አለች፣ የማሽኑ ጩኸት እስኪዋጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የጋሼ ኮድ ምንም የለበትም!»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡና ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ብዬሽ ነበርኮ!» አሉ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉ። «በይ ነይ፣ የጻፍሽውን አሳዪኝ።»