መርዶ ነጋሪው ፕሮጀክት

ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ኢንጂነር ግን አይደለም፤ የኮምፒዩተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። የጎረቤት ስልክ ሲበላሽ እሱ፣ ቴሌቪዥን አልከፈት ሲል እሱ፣ አንዴማ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ የተጠራው እሱ ነው። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር፣ እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱም ሲመረቅ ለማየት ቀን ይቆጥራሉ።

ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሠራው የመመረቂያ ፕሮጀክት የሆስፒታል ሲስተም ነው። ታካሚ ሲገባ፣ ክፍል ሲቀየር፣ ክፉ ነገር ሲደርስበት ለቤተሰቡ በስልክ መልእክት ይልካል። መቼም ባዶ ሲስተም ይዞ ፈታኝ ፊት አይቀረብም፤ የውሸት ታካሚዎች መመዝገብ ነበረባቸው። የውሸት ስም መፍጠር ምን ያቅታል? ስንፍና ይዞት ነው እንጂ። የአባቱን ስም «ታካሚ» ብሎ አስገባ፤ «ተጠሪ» በሚለው ላይ ደግሞ በቃሉ የሚያውቀውን አንድ ቁጥር፣ የእናቱን። መልእክቱ ስክሪን ላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ የትም አይሄድም ብሎ ነበር።

የማይሄደውን እንዲሄድ ያደረገው «ጥድፊያ» የሚሉት ጓደኛው ነው። ፈታኞቹ «ታዲያ መልእክቱ የታለ?» ብለው እንዳያሳፍሩን ብሎ፣ በፈተናው ዕለት ጠዋት ሲስተሙን ከእውነተኛ የመልእክት አገልግሎት ጋር አገናኘው። ለማንም አልተነፈሰም። ሊያስደንቃቸው ፈልጎ ነው።

አንዲት ፈታኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «እስቲ ታካሚው ሲሞት አሳዩን» አሉ።

ኢንጂነሩ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ሰው መርጦ «ሞቷል» የሚለውን ተጫነ።

«ተልኳል!» አለ ጥድፊያ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። «የምሬን ነው፣ በእውነት ነው የተላከው!»

ኢንጂነሩ ስክሪኑን አየ። የአባቱ ስም። የእናቱ ቁጥር። ክው ብሎ ቀረ።

እናቱ ጋ ደወለ፤ አይነሳም። አባቱ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። አባትየው መሪ ከጨበጠ ስልክ የሚባል አያውቅም። ፈታኞቹን ይቅርታ እንኳ ሳይል፣ በተዋሰው ሱፍ እግሬ አውጪኝ አለ።

እናትየው ግን መልእክቱን አላመነችም ነበር። የባሏን ስም አይታ ብትደነግጥም፣ «ሌቦች! ትናንት ሎተሪ ደረሰሽ ብለው፣ ዛሬ ደግሞ በሞት መጡ?» ብላ ስልኩን ጨርቅ ስር ወሸቀችው። ሲጮህም እነሱ ናቸው ብላ አላነሳችም። ስፌቱ እየተጣመመባትም ቢሆን መስፋቷን ቀጠለች።

ጉድ የፈላው ልጇ በሩን በርግዶ ሲገባ ነው። ሱፉ በላብ ርሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ትንፋሽ አጥሮት ቃል አይወጣውም። እንዲህ ሆኖ የመጣ ልጅ ምን ሊናገር ይመጣል? አንዴ አየችውና መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

«እውነት ነው?»

«እማዬ... አባዬ ደህና ነው!»

ይህን ባይላት ይሻል ነበር። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠንቅቃ ታውቃለች፤ መጀመሪያ «ደህና ነው» ይባላል፣ ቀጥሎ «ትንሽ አሞት ነበር»፣ ከዚያ ያው ነው። ራሷም ለስንቱ እንዲያ ብላ ነግራለች። ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ገባ።

«ውሸት ነው እማዬ! እኔ ነኝ የላክሁት፣ ለሙከራ ነው!»

«ምስኪን፣ ድንጋጤው አእምሮውን ነሳው» አለ ጎረቤታቸው ጫማ ሰሪው፣ ደግፎ እያስቀመጠው። «አይዞህ ልጄ፣ ቻለው።»

ቢምል ያባብሉታል፣ ቢጮህ ውሃ ይረጩበታል። በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ፤ ጥድፊያ ነው። «ኤ ሰጡን! ፈታኟ አፋቸውን ይዘው ቀሩ እኮ!» ኢንጂነሩ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እንባውን ለቀቀው። ያዩት ሁሉ አብረውት አለቀሱ። እናቱ ክንዱን ጨምድዳ፣ «አስከሬኑ የት ነው አሉህ?» አለችው።

ቆይቶ አባትየው ነዳጅ ሊቀዳ ቆመና ስልኩን ከፈተ። የልጁን ጥሪ ብዛት አይቶ ደወለ። ኢንጂነሩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ለቅሶ? ማን ሞተ?»

«አንተ!» አለ ጫማ ሰሪው፣ ሳያስበው።

እናትየው ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ዝም ብለህ አውራ፣ ድምፅህን ልስማው» አለችው። ምንም ያልገባው ሰውዬ ስለ ጎማውና ስለ መንገዱ ሲያወራ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው።

ስልኩ ሲዘጋ ልጇን አልመታችውም፣ አልሰደበችውም። የራሷን ስልክ ከጨርቁ ስር አውጥታ ያንን መልእክት ደግማ ታየው ጀመር።

«በል እንደላክኸው መልሰው» አለች። «ባልሽ ድኗል የሚል ከዚያው ይላክልኝ። ካላየሁት ልቤ አይመለስም።»

ኢንጂነሩ አቀረቀረ። ሦስቱ ሲመክሩ፣ የዳነ ሰው በእግሩ ቤቱ ይገባል፣ መልእክት ምን ያደርግለታል ተባብለው ትተውት ነበር።

«እሱን አልሠራነውም፣ እማዬ።»

ድምፅዋ ከጩኸቱ ብዛት ተዘግቷል። «ለመሞቱ ሠርታችሁ» አለች፣ «ለመዳኑ አልሠራችሁለትም?»