በእናቱ ቤት የማያድረው ኪሮስ

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታሉ በር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ የድሮ ጎረቤቴ አልጣሽ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ልጇ በመጠጥ ተጎድቶ ተኝቶ እንደነበር አውቃለሁ። «ተሽሎታል፣ ነገ ውሰጂው አሉኝ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ግን ደስታ አላየሁም። የነጠላዋን ጫፍ በጣቶቿ እየጠቀለለች፣ «ወዴት ልውሰደው? ከቤቴ ግራም ቀኝም አረቄ ቤት ነው» አለች። ባጃጁ ሲመጣ እሷን አሳፈርኳትና እኔ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ግን ኪሮስን ነው።

ከኪሮስ ጋር ስንተዋወቅ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለሁ ወጣት ነበርኩ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በድቁና አገልግያለሁ። መጠጡን የለመድኩት ከማኅበር ጠላ ነው ብል ማኅበሩን መውቀስ ይሆንብኛል። ብቻ ሌላው ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ወደ አረቄ ቤት መሄድ ጀመርኩ። ጠበል ተወሰድኩ፤ ተሻለኝ። ስመለስ ያው ሰፈር፣ ያው ጓደኛ ጠበቀኝ። በመጨረሻ አባቴ እጄን ይዞ ሐጂ ኑርዬ ዘንድ ወሰደኝ። ቄስ ልጁን ይዞ ወደ ሐጂ ቤት ሲገባ ገበያው ሁሉ ዞሮ አየን። አባቴ ማንንም አላየም።

ሐጂ ኑርዬ እዚሁ ሰቆጣ እህል ነጋዴ ነበሩ። ከመጋዘናቸው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት መጠጥና ጫት ትተው ገና እግራቸው ያልጸና ወጣቶችን ያሳድሩ ነበር። ክርስቲያንም እስላምም ነበርን። ቀን ማሽላና ጤፍ እናበጥራለን፣ ኩንታል እንሸከማለን፤ ወጡን በተራ እንሠራለን፤ ጀንበር ሳትጠልቅ እንገባለን። በገበያ ቀን ብቻውን የሚወጣ የለም። የከተማው ሰው «የሐጂ እስረኞች» ይለን ነበር።

መጠጥ ስለመተው ሰው ሲያወራ ትግል ይላል፣ ድል ይላል። እኔ የማስታውሰው መሰልቸቱን ነው። ከሰዓት በኋላው አይመሽም። የእህሉ ብናኝ ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሽሮው ትናንትም ሽሮ ነው፤ ሰውነት የጎደለውን እያወቀ ዝም ይላል። ከጎኔ የሚተኛው ኪሮስ ይህንን ያውቅ ነበር። ከሰቆጣ በታች ያለው የፃግብጂ ቆላ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። እናቱ እማየ ትርንጎ አረቄ አውጥታ የምትሸጥ ሴት ነበረች። «ከጡት ቀጥሎ የቀመስኩት አረቄ ነው» ብሎኛል አንድ ቀን።

ጥር ላይ፣ እህሉ ከገባ በኋላ፣ የአባቱን ተዝካር ሊያወጡ ነው የሚል መልእክት መጣለት። ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ አሰቡ።

«ልጅ ከአባቱ ተዝካር አይቀርም» አሉ በመጨረሻ። «ብቻውን ግን አይሄድም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዲያቆን፣ አንተ አብረኸው ሂድ።»

«ሐጂ፣ እኔንስ ማን ይጠብቀኛል?» አልኳቸው።

«እሱ ይጠብቅሃላ» አሉኝ።

መንገዱ እስከሚያስኬድ ድረስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ከሰቆጣ ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ እየቀረ ሙቀቱ እየከበደ ይመጣል። የታጨደው የማሽላ አገዳ እግር ይወጋል፤ ፍየሎች ከግራሩ ሥር ተሰብስበው ጥላ ይሻማሉ። በሶ በጨው በጥብጠን ጠጣን። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ውስጥ አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረስን። ኪሮስ ከሩቅ ጢሱን አይቶ ቆመ።

«ሸተተኝ» አለ።

«የወጡ ጢስ ነው» አልኩት።

«አይደለም» አለ። አልነበረም።

ዳሱ ሞልቷል። ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ተቀምጠዋል፤ ወጡ ቀርቧል፤ ጠላው በዋንጫ፣ አረቄው በመለኪያ ይዞራል። የኪሮስ አጎት አያ ብርሃኑ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መለኪያ ሞልተው መጡና ፊቱ ቆሙ።

«እንካ። የአባትህን ነፍስ ይማር በልበት።»

«ነፍስ ይማር» አለ ኪሮስ። እጁን ግን አልዘረጋም። «አያ፣ እኔ ትቻለሁ።»

«የአባትህንም ትተሃል?»

«መድኃኒት ላይ ስለሆነ ነው፣ አይቆጡ» አልኩ እኔ ሰበብ ፈጥሬ። «እንግዳ ሆይ፣ አንተ ብላ» አሉኝ አያ ብርሃኑ ሳያዩኝ። መለኪያውን ወደ ኪሮስ ከንፈር አስጠጉት። ሽታው እኔም ዘንድ ደርሷል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ቅጽበት እሱን ከመጠበቅ ይልቅ ተነስቼ መሮጥ አማረኝ።

እማየ ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። አጭር ሴት ነች፤ ዓይኖቿ ከእሳቱ የተነሳ የቀሉ። ለአያ ብርሃኑ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ መለሰችላቸው። ቋንቋውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስላደግሁ እሰማው ነበር።

«ለእኔ አምጣው» አለች። «አባቱን በዚች እጄ እየቀዳሁ ነው የቀበርኩት። ለልጁ አልቀዳም፤ አንተም አትቀዳለትም።»

የኪሮስ አባት በምን እንደሞተ አገር ያውቅ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ግን በአደባባይ የተናገረው አልነበረም። ካህናቱ ራሳቸውን አቀረቀሩ። አያ ብርሃኑ መለኪያውን አስረከቧትና ወጥተው ሄዱ። እሷም ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ እንግዳ ነበራትና መቅዳቷን ቀጠለች።

ሰው ሲበተን ኪሮስ ከቤቱ ጀርባ አገኛት። እኔ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ።

«እማየ፣ ልቅር። መሬቱን ልረስልሽ። አንቺ ድፍድፉን ተይው፤ እኔ ከዚህ አልሄድም።»

ከኋላዋ የድፍድፉ ጋኖች ተደርድረዋል።

«ዝናብ ሲኖር መሬቱ ስንት ወር ያበላናል? ሳይኖርስ?» አለችው። «እህትህን የማስተምራት በዚህ ነው። አንተንም ያሳደግሁህ በዚሁ ነው። ብተወው ደስ ባለኝ፤ አልችልም። እዚህ ቤት ግን አንዲት ሌሊት አታድርም። ሂድ።»

«እያባረርሽኝ ነው?»

«አዎን» አለች። ከዚያ አንገቱን ይዛ ፀጉሩን ሳመችው፤ ደጋግማ ሳመችው። ለመንገዳችን ማር በቅል ሰጠችን። እስክንርቅ ድረስ ደጃፏ ላይ አላየናትም፤ ገብታ ነበር።

አቀበቱ መሀል ላይ ኪሮስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጎበዝ፣ አልጠጣህም» አልኩት። «አልጠጣሁም» አለ። «ግን ደስ አላለኝም። ደከመኝ ብቻ።» ማሩን ሳንነካው ሰቆጣ ገባን።

ሐጂ አልመረመሩንም፤ እራት እንዳለ ብቻ ነገሩን። ኪሮስ ግን እራቱን ሳይነካ ሁሉንም አወራቸው። «እናቴ ከቤቷ አባረረችኝ» ብሎ ሲጨርስ አለቀሰ።

ሐጂ ኑርዬ፣ «እኔም ታናሽ ወንድሜን ከቤት አስወጥቼው ነበር» አሉ። «እንዳንተው ይጠጣ ነበር። እሱ ግን የሚገባበት አልነበረውም። ክረምት ነበር፤ ሬሳው ወንዝ ዳር ተገኘ። እናትህ ሂድ ስትልህ የምትደርስበት ቤት እንዳለህ አውቃ ነው። ብላ አሁን።»

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በፋሲካ ሰሞን ኪሮስ ጠፋ፤ ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ከረመ፤ መስከረም ላይ ከስቶ፣ ጫማ ሳይኖረው በሩን አንኳኳ። ሐጂ አስገቡት። ከዚያ በኋላ ግንበኝነት ተማረ፤ እዚሁ ሰቆጣ አገባ፣ ወለደ። እናቱን በየበዓሉ ይጠይቃት ነበር። ቀን ሄዶ ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ ምሳውን እዚያው ታወጣለታለች፤ ሳይመሽ ተነስቶ ዘመድ ቤት ያድራል። እሷም እደር ብላው አታውቅም። ዓይኗ ደክሞ እሳት ማየት ሲያቅታት ወደ ቤቱ አመጣት፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት አብረው አደሩ።

ሐጂ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ያችን ቤት አፍርሰው ሱቅ ሠርተውበታል፤ አልፈርድባቸውም፣ የሰው ሸክም ከባድ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ የሚጠጣው ወጣት በዝቷል፤ ታክሞ ይወጣል፣ ጠበል ተጠምቆ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ባለቤት የላቸውም። ሰው የሚጠፋው በእነዚያ ወራት ነው።

ትናንት ለኪሮስ የአልጣሽን ነገር ነገርኩት። ሁለታችንም አርጅተናል፤ እሱ ወገቡን፣ እኔ ጉልበቴን ያመናል። «ጉልበት አለህ?» አለኝ። «የለኝም» አልኩት። «እኔም የለኝም» አለ። ከዚያ ተያይዘን አልጣሽ ቤት ሄድን። ልጁ ነገ እኔ ዘንድ ይገባል፤ ቀን ቀን ከኪሮስ ጋር ድንጋይ ይጠርባል። ይቆይ አይቆይ አላውቅም። አንድ ቀን ጥሎን ሊሄድ እንደሚችል ለሚስቴ ከወዲሁ ነግሬያታለሁ፤ በሩን ግን እንዳትቀረቅር።