ወደ ግራም ወደ ቀኝም

ጋሽ ሚልኬሳ በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለውን ያንን ዩኒቨርሲቲ የሚያውቁት ገና አንድ የኪራይ ቪላ ሳለ ነው። ተማሪዎቹ መኪና ማደሪያው ውስጥ ይማሩ ነበር። በስተግራ ያለችውን የቆርቆሮ አዳራሽ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው እሁድ እሁድ ለሐበሻ ምእመናን ይለቅ ነበር። ወይ ጊዜ! ዛሬ ጎረቤት ቪላዎቹን ሁሉ ውጦ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ደርቧል፤ የማታቱ ታክሲ ረዳቶችም ፌርማታውን ራሱን «ካምፓስ! ካምፓስ!» ነው የሚሉት።

አዳራሿ ግን ያችው ናት። ጋሽ ሚልኬሳ ኢስትሊ ሰፈር ካለው ልብስ ስፌት ቤታቸው እየመጡ የጸለዩባት፣ ሚስታቸውን የሸኙባት፣ ልጃቸው ሠርክ በጥር የምትዳርባት። በስደት አገር የኔ የሚሉት ሌላ ምን አላቸው?

ባለፈው ዓመት ለአዲሱ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፣ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ በአገሬው የሽማግሌ አጠራር «ምዜ፣ የሐበሾቹ ሽማግሌ እርስዎ ነዎት፤ ይመርቁልን» አላቸው። መርቅ የተባለ ሽማግሌ «የት ድረስ ነው የምትሠሩት?» ብሎ ይጠይቃል እንዴ? ነውር ነው! ድንጋዩ የተጣለበት ባዶ ሜዳ ላይ ብቻ የሚሠራ መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ጌታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያስፋችሁ!»

ሠርክ በእንግሊዝኛ ተረጎመች። ምእመናኑም «አሜን!» ብለው አደመቁት።

ዘንድሮ ሕንፃው ወደ ግራ ሰፋ። ገና አዳራሿ ጋ ሳይደርስ ትፈርሳለች ተባለ። ጋሽ ሚልኬሳ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ቢያንስ ሠርጉ እስኪያልፍ ብለው ለመኑ። ኃላፊው ሳቀ። «ምዜ፣ እርስዎ መረቁ፣ ሰዎችዎ አሜን አሉ። ዛሬ ምን ተገኘ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የመዘምራኑ መሪ ዘመናይማ ፊት ለፊታቸው «ጋሼ፣ በገዛ አፍዎ አፈረሱብን እኮ!» አለቻቸው። እውነቷን ነው ብለው አመኑ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ወንበር እንጂ አልተቀመጡም፤ እህልም አላሰኛቸው።

በመጨረሻው እሁድ ወንበሮቹ ተነሥተው በር ላይ ተደርድረዋል። ወንጌላዊው ማሳረጊያውን እንዲያደርጉ ጠራቸው። አልነሣም አሉ። ሠርክ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። «አባዬ፣ ፕሊስ።»

እጃቸውን አነሡ። «ጌታ ያስ...» ብለው ዋጡት።

«ጌታ አይበትናችሁ» አሉ።

ሰዉ ሁሉ አሜን ለማለት ፈራ።

«አሜን፣ አባዬ» አለች ሠርክ ብቻዋን።