ሳህሉና አምስቱ ማፈኛዎች

ሳህሉ ተደላድሎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። እዚህ አሜሪካ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በእሱ ኮሮላ መኪና ከሚኒያፖሊስ ወደ ፍሪድሊ ለሥራ ስመላለስ፣ መሪ ይዞ እንኳ ጉልበቱ አያርፍም፤ ቀይ መብራት ያበሳጨዋል፤ በየደቂቃው የኋላ መስታወት ያያል። ሬዲዮውን እስከ ጥግ ይከፍተዋል። ፍሬቻ ካበራ ደግሞ አያጠፋም፤ ከሴንትራል አቬኑ እስከ ሥራ ቤታችን በር ጠቅ ጠቅ ጠቅ!

"አንተ ሰውዬ፣ ፍሬቻህን አጥፋ! በፖሊስ ልታስቆመን ነው?" እለዋለሁ።

"እትዬ ወርቂቱ ደግሞ! ጠዋት ጠዋት ነገር ካልፈለጉ አይነጋልዎትም" ይለኛል። በስምንት ዓመት ስለምበልጠው አንቱ ነው የሚለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም አፌ አያርፍም።

የምንሠራበት ቤት የአየር ጠመንጃ ይሠራል። ባሩድ የለውም፤ በታመቀ አየር የአተር ፍሬ የምታክል እርሳስ ይተፋል። ፈረንጆቹ በረዶው ሲበረታ ምድር ቤታቸው ወርደው ኢላማ ይተኩሱበታል። ሳህሉ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ነው፣ እኔ መገጣጠሚያ ጠረጴዛ ላይ። የብረት ፍርፋሪ የምንነፋበት የአየር ቱቦ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ስለሚውል፣ ሁላችንም ጆሯችን ውስጥ ቢጫ ውታፍ እንወትፋለን። ሳህሉ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እምቢ ብሏል። ኦጋዴን ታንክ ሲነዳ የነበረ፣ በሱዳን በኩል ስንቱን አልፎ እዚህ የደረሰ ሰው ነው።

"ጆሮዬን ደፍኜ ከኋላዬ ማን እንደመጣ በምን ልወቅ?" ይላል።

"ፍሪድሊ ውስጥ ደግሞ ማን ይመጣብሃል?" እለዋለሁ። አይስቅም።

በዚያ ክረምት፣ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት መሆኑ ነው፣ የሚያንገበግበው የልጁ የኤልሻዳይ ነገር ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ነው የተወለደችው። ሲጠራት "አቤት" አትልም። ልጅ ተጠርቶ አቤት ካላለ እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ይታወቃል፤ አሳዳጊ የበደለው ነው። ሚስቱ ስመኝ "ኧረ ብላለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" ስትለው፣ "አንቺ ነሽ እየሸፋፈንሽ ያበላሸሻት!" ብሎ ይጮኽባታል። ልጅቷም አባቷን ስታይ መሸማቀቅ ጀመረች። በመጨረሻ አዲስ አበባ እህቱ ዘንድ ሊልካት ቲኬት ቆረጠ። ሥርዓት እስክትማር እዚያ ልትቀመጥ ነው፤ አንድ ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት ማንም አያውቅም። መሄጃዋ ቅዳሜ ነበር።

እንግዲህ ጉዴን ልናገር። "ላካት!" ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ቤታቸው ገብቼ ሳላጣራ፣ እዚያው መኪና ውስጥ "እዚህ አገር ልጅ አያድግም፣ ላካትና ሰው ትሁን" አልኩት። ስመኝ ይህን ሰምታ ሰላምታ ነሳችኝ። እሰይ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ማክሰኞ ዕለት አለቃችን ሮጀር አምስት ጠመንጃ ደርድሮ ጠበቀን። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የተለያየ የድምፅ ማፈኛ ተበይዶበታል። ማፈኛ ማለት ጣት የሚያህል ቱቦ ነው፤ ውስጡ ክፍልፍል ስለሆነ የሚወጣው አየር እዚያ እየተሽከረከረ ጉልበቱን ይጨርሳል። የትኛው የበለጠ ዝም እንደሚል ለማወቅ በእያንዳንዱ አሥር አሥር ጥይት ተተኮሰ፤ የድምፅ መለኪያው አንድ ሜትር ርቆ ቆመ። ለማነጻጸሪያ የተተኮሰው ማፈኛ የሌለው ስድስተኛ ጠመንጃ መቶ ሁለት ዴሲብል አለ። ቁጥር ሁለት ማፈኛ ወደ ሰማንያ አራት አወረደው፣ ቁጥር አራት ወደ ሰማንያ ስድስት፤ የቀሩት ከዘጠና ወዲያና ወዲህ አሉ።

ሮጀር ግን በመለኪያው ብቻ አልረካም። "ጎረቤት የሚረበሸው በጆሮው ነው" ብሎ እኔን፣ ሳህሉንና የመጋዘን ሠራተኛውን ክፍሌን ከጣውላ ጀርባ አስቀመጠን። ሳህሉ ግን አልተቀመጠም፤ ከኋላችን ይንጎራደዳል። ሮጀር ተራውን እያቀያየረ ተኮሰ፤ እኛ ደግሞ ከዝምተኛው ጀምረን በወረቀት ጻፍን።

ቁጥር አራት ክፉ አመል ነበረበት። ተኩሱ ቷ ካለ በኋላ ውስጡ ያለው ቀጭን ጥምዝ ሽቦ ጥንንን ይላል፤ ጥርስ ያሳክካል። እኔና ክፍሌ መጨረሻ አደረግነው። ሳህሉ አንደኛ ብሎ ጻፈው።

"ሳህሉ! ያንን ቃጭል ነው አንደኛ ያልከው?" ብሎ ክፍሌ ሳቀ።

"የምን ቃጭል?"

"ሲተኮስ የሚያቃጭለው ነዋ!"

"ተማክራችሁ ልትቀልዱብኝ ነው? ይደገም!" ፊቱ ልውጥውጥ አለ። "እትዬ ወርቂቱ፣ እርስዎ ቃጭል የሚሉትን ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ።"

ሮጀር ቁጥር አራትን ተኮሰ። ቷ ሲል ሳህሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰምቷል። ጥንንን ሲል እጄን አነሳሁ። ደገመው፤ አነሳሁ። አምስት ጊዜ ተተኮሰ፣ አምስቱንም ጊዜ አነሳሁ። ሳህሉ እጄ ላይ ዓይኑን ተክሎ ደረቀ። ክፍሌም ሳቁን አቆመ። ለካስ ያቺን ጥንንን ጨርሶ አይሰማትም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሮጀር መጥቶ ሁለት ቢጫ ውታፍ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተለትና ሄደ።

ስንመለስ ሬዲዮ አልከፈተም። አንድ መታጠፊያ አለፍንና፣ "አሁን ፍሬቻው ጠቅ ጠቅ ይላል?" አለኝ።

"ይላል።"

አጠፋው። ጥቂት ነዳና፣ "ወፍራም ድምፅ እሰማለሁ። የስመኝን እሰማለሁ፣ የእርስዎን እሰማለሁ። ያጣሁት ቀጭን ቀጭኑን ነው" አለ። ከዚያ ደግሞ፣ "የኤልሻዳይ ድምፅ ቀጭን ነው፣ እትዬ።"

"ላካት" ያልኩት እኔ ነኝና፣ "ዛሬ ቤትህ አብሬህ እገባለሁ" አልኩት።

ቤት ገባን። ስመኝ በሩን ከፍታ እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። ልጅቷ መኝታ ቤቷ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ሳህሉ ሳሎኑ መሃል ቆሞ ወደ እኔ ዞረ።

"እጅዎን፣ እንደ ቅድሙ" አለኝ። ከዚያ "ኤልሻዳይ!" ብሎ ተጣራ።

"አቤት!"

ወዲያው ነው የመለሰችው። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ። እጄን አነሳሁ።

"ኤልሻዳይ!"

"አቤት ዳዲ!"

አነሳሁ። ስመኝ ነገሩ ገብቷት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሳህሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጣራ ድምፁ ተሰበረ። ጠበቅኩ። መልስ የለም። እጄን ሳላነሳ ቀረሁ፤ እሱም እጄን እያየ ቀረ።

በሩ ተከፈተ። ኤልሻዳይ የበረዶ ጃኬቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አዝላ ወጣች። ወለሉን እያየች በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለች።

"ምን አለች?" አለኝ ሳህሉ።

አፌ አያርፍም ብዬ አልነበር? ይህን ግን ስመኝ ትንገረው ብዬ ወደ እሷ ዞርኩ።

"እትዬ ወርቂቱ፣ በሞቴ፣ ምን አለች?"

"አሁን ነው እንዴ የምሄደው? ነው ያለችው!" ብዬ ጮህኩ፣ እንዲሰማ።

ሳህሉ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። "የትም አትሄጂም። ጆሮዬ ነው ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም፣ የእኔ ጆሮ ነው" እያለ የጃኬቷን ዚፕ ሊፈታላት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ዚፑን በሁለት እጇ ጨብጣ አልለቅም አለች። ቲኬቱን አምጥቶ ፊት ለፊቷ ቀደደው። ያኔም አልለቀቀችም።

ስመኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ታርቃኝ ነው የነገረችኝ። ኤልሻዳይ ያ ቅዳሜ እስኪያልፍ ድረስ ጃኬቷን ለብሳ ነበር የምትተኛው።