አያ ሁሴን ዝም ያሉባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መጥረግ ነበር፤ ቤት አይደለም፣ ዲስክ። ጋሽ ተፈራ፣ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ የነበረው የፎቶና ቪዲዮ ቤት ባለቤት፣ ለስላሳ ጨርቅ ሰጠኝና "ከመሀል ወደ ዳር። እንደ ጠረጴዛ ዙሪያውን ካሸኸው ገደልከው" አለኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ መናኸሪያው ላይ የባትሪ ድንጋይና የዘፈን ካሴት ስሸጥ ነበር። የቀጠረኝ ሙያ ኖሮኝ አይደለም። "የሞተ ባትሪ ሸጠህልኝ አመስግኜህ ሄጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ለሱቅ ያስፈልጋል" ብሎ ነው።

ስሜ ይመር ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ስም ሰምቶ ሰውየው የሚጾመው ረመዳንን ይሁን ሁዳዴን የሚያውቅ የለም፤ ለሥራው ጠቅሞኛል። ኒካሁንም ተክሊሉንም፣ የአምባሰልን ሠርግም የግሸንን ንግሥም ቀርጫለሁ።

ሙያው ምስሉን ከካሜራው ካሴት በገመድ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ የተወላገደውንና የሰው ጀርባ ብቻ የሚያሳየውን መቁረጥ፣ ከዚያ ዲስክ ላይ መጻፍ ነው። በጽሕፈቱ ላይ ጋሽ ተፈራ ቀልድ አያውቅም። ማሽኑ በአሥራ ስድስት እጥፍ ፍጥነት መጻፍ ሲችል እሱ በአራት ይጽፋል። "እየሮጠ የጻፈውን ማን ያነብለታል?" ይላል። ሠርጉን በሙሉ አንድ ዲስክ ላይ ጠቅጥቅልኝ የሚል ደንበኛ ከመጣ፣ ሁለት ዲስክ አድርጎ ይሰጠዋል። የተጠቀጠቀ ምስል፣ ሰው እስክስታ ሲመታ ፊቱ ይበጣጠሳል።

ጓዳ ውስጥ አንድ አሮጌ ማጫወቻ ነበረን፤ "ቃዲው" እንለዋለን። ዓይኑ የደከመ፣ ትንሽ ጭረት ካየ ቀጥ ብሎ የሚቆም። የተጻፈ ዲስክ ሁሉ ቃዲው ፊት ይቀርባል። እሱ ያሳለፈውን የትኛውም ገጠር ያለ ማጫወቻ ያሳልፈዋል።

ጋሽ ተፈራ አንድ ሕግ ነበረው፦ "ዋናው ካሴት ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሌላ አይቀረጽበትም።" ባዶ ካሴት ግን የሚመጣው ከደሴ ነው፤ ሲጠፋ ይጠፋል። ጋሽ ተፈራ ታሞ ሱቁን ሲለቅልኝ ቁልፉን ተረከብኩ፣ ሕጉን አልተረከብኩም።

ሱቁን በያዝኩ በመጀመሪያው ጥር አንድ ሙሽራ ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

"ይመር፣ ይቆማል!"

"የት ጋ?"

"አያቴ ሲመርቁ።"

ቃዲው ላይ ከፈትኩት። ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ አሁንም ዝም። ከኋላቸው ዶሮ አለፈች።

"ዲስኩ አይደለም የቆመው፣ አያትህ ናቸው" አልኩት። "ዶሮዋን አታያትም ስትሄድ?"

ሳቀ። "ታዲያ ምን አባቱ፣ ቁረጠው!"

ቆረጥኩት። ዲስኩ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

ከዚያ ወዲህ ዝምታ መቁረጥ ልማዴ ሆነ። ሽማግሌ ለትንፋሽ ሲያርፍ፣ እናት ዕንባ ሲተናነቃት፣ ሁሉንም። "የይመር ዲስክ አይቆምም" ተባለ፤ ከውጫሌ ሳይቀር ይመጡልኝ ጀመር።

አያ ሁሴን የአርዲቦ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸውን ዘሀራን ሲድሩ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ልትወጣ ስትል ጉልበታቸው ሥር ተቀመጠች፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። "አላህ ቤትሽን ያሙቀው" ይሉና ዝም። ሰው "አሚን" ይላል። አሁንም ዝም ብለው ያዩዋታል። "የሄድሽበት አገር ይውደድሽ።" እንደገና ዝም። ካሜራ እንደያዝኩ እግሬ ደነዘዘ።

ሱቅ ገብቼ ዝም ያሉበትን ሁሉ አወጣሁት። ስድስት ደቂቃው ሁለት ሆነ። ቃዲው ያለ እንቅፋት አሳለፈው፤ ዘሀራና ባሏም አይተው አመሰገኑኝ። በመስከረም ያንኑ ካሴት ካሜራው ውስጥ ከትቼ ግሸን ወጣሁ።

ከሁለት ክረምት በኋላ ዘሀራ ብቻዋን መጣች። አባቷ ማረፋቸውን ሰምቼ ነበር።

"አላህ ይዘንላቸው" አልኳት።

"አሚን፣ አያ ይመር። ዲስኩን በየቀኑ አየዋለሁ። ግን አባቴ እንዲህ አይናገርም። ሰው ከኋላው የሚያባርረው ይመስላል።"

"ዲስኩ እንዳይቆም ብዬ ትንሽ..."

"ዋናው አለ አይደል? እሱን ስጠኝ።"

እንደሌለ አውቃለሁ። ነጋዴ ግን "የለም" ከማለቱ በፊት መደርደሪያ ማየቱ አይቀርም። ካሴቱን አውጥቼ አጫወትኩት። ነጭ የለበሰ ሕዝብ የግሸንን አቀበት ይወጣል። ከሰልፉ መሀል አባቷ ብቅ የሚሉ ይመስል፣ ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አየችው። ካሴቱ አለቀ።

"አባቴ እንኳን ግሸን ወጥቶ አያውቅም" አለች። ቀልዷን ነበር። መሳቅ አቃተኝ።

"እሺ፣ ዝም ያለበትን መልስልኝ" አለችኝ።

"ከየት አምጥቼ?"

"ቦታውን እኔ አውቀዋለሁ። ጉልበቱ ሥር ነበርኩ እኮ።"

ጎን ለጎን ተቀመጥን። የቆረጥኩበት ስፌት ይታየኛል፤ እዚያ ሲደርሱ ጭንቅላታቸው ድንገት ይዘላል። እዚያ ላይ ምስሉን አቆምኩት። ዘሀራ ጣቷን አንሥታ ትቆያለች፤ ሲበቃ ታወርደዋለች፤ እኔም በጣቷ ልክ እዘረጋዋለሁ። አንዱ ቦታ ላይ ጣቷ ሳይወርድ ብዙ ቆየ። "እዚህ ጋ የእናቴን ስም ሊጠራ ነበር፤ ተወው" አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ እንዳይቆም የታገልኩትን ዲስክ በገዛ እጄ እንዲቆም አድርጌ ጻፍኩት፤ በአራት፣ እንደ ጋሽ ተፈራ። ቃዲው ውስጥ ከትቼ ከፈትኩላት። "አላህ ቤትሽን ያሙቀው" አሉ አያ ሁሴን። ምስሉ ቆመ። ዘሀራ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበች።

"አይ" አለች።

"አጠረ?"

"ልኩ ልክ ነው። ግን አባቴ ዝም ሲል ይተነፍስ ነበር። ይሄኛው አሁን አፈር ውስጥ እንዳለው ነው።"

አጥፍቼ አወጣሁት። "አብሽር፣ አያ ይመር" አለችኝ፤ አጽናኟ እሷ ሆነች። አሮጌውን፣ የሚሮጠውን ዲስክ ይዛ ሄደች። አዲሱ እኔ ጋ ቀረ፤ እስካሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ዛሬ ሱቁ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። ሠርጉን ሁሉም በስልኩ ይቀርጻል፤ ዲስክ ጻፍልኝ የሚል በዓመት አንድ ሰው ቢገኝ ነው። የዘንድሮ ቀራጮች አልፎ አልፎ ምክር ይጠይቁኛል። ፕሮግራሙን እነሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። እኔ የምነግራቸው ዋናውን እንዳይደመስሱ፣ ሰው ዝም ሲልም እንዳይቆርጡ ነው።